ብርድን በአንድ ልቃቂት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርድ መንገደኛ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ ሲደርስ፥ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ካፖርቱን ማውለቅ ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ በ1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ወይና ደጋ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የአገሩን ቡና ፉት ለሚል ሰው የብርድ ነገር ትዝ አይለውም። ስለዚህ ወደ ዲላ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ፥ ወይም ወደ ዩኒቨርስቲው የተላከ ተማሪ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ «እዚያ እንኳ ሙቀት ነው» ብሎ ወፍራም ልብሱን ለታናሽ ወንድሙ ቢተውለት አይፈረድበትም።

ዳሩ ግን የጌዴኦ አገር በዲላ አያልቅም። ዋናው መንገድ ከዲላ ወደ ደቡብ በወናጎ፥ በይርጋጨፌና በኮቸሬ በኩል ሲዘልቅ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድማ ከቡናው አገር አውጥቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ላይ ያደርሳል። እዚያ ቡናው ወደ ኋላ ይቀርና እንሰቱ፥ ገብሱና ቀርከሃው ቦታውን ይይዛሉ። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፥ ዲላ ላይ በሸሚዝ የዋለ ሰው በዚያው ዕለት ማታ ቡሌ ላይ ቢያድር ጥርሱ መንገጫገጩ አይቀርም።

ይህን የሚያውቁት በተለይ አዲስ መጦች ናቸው። የዲላ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ከተመሠረተ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርስቲ ከሆነ ወዲህ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ይመጣበታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ዲላ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ከተከፋፈሉባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ስለዚህ ዛሬ ጤና ጣቢያ ሊጎበኝ፥ ትምህርት ቤት ሊቈጥር፥ መሬት ሊለካ ከዲላ ወደ ደጋው የሚላከው ወጣት ሠራተኛ ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል እጁ ደርቆ ቅጹን መሙላት ያቃተው፥ ጆሮው ቀልቶ የተመለሰ አይጠፋም።

የደጋው ብርድ በረዶ የሚያወርድ ብርድ አይደለም፤ የጭጋግና የካፊያ ብርድ ነው። እንዲህ ያለው ብርድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠቃው የሰውነትን ዳርቻ፥ ማለት ጆሮን፥ ጣትን፥ የእጅ አንጓንና እግርን ነው። ካፖርት የለበሰ ሰው ደረቱ ሞቆ ጣቱ ሊደነዝዝ ይችላል። የዛሬው ወሬያችንም ስለ ካፖርት ሳይሆን ካፖርት ስለማይደርስባቸው ስለ እነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ነው። መድኃኒታቸው ከአንድ ልቃቂት ክር፥ ከአንድ ኪሮሽና ከጥቂት የምሽት ሰዓቶች ሊገኝ ይችላል።

ሬዲዮው ለብሶ ልጁ በረደው

ኪሮሽ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ትንሽ ቈልማማ መንጠቆ ማለት ነው። «ዳንቴል» የምንለውም ቃል ከዚያው ቋንቋ የተወረሰ ነው። ሙያው በልጃገረዶች ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ፥ በሰፈር ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ፥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ሲተላለፍ ኖሯል። የብዙዎቻችን እናቶችና እኅቶች ከሥራ መልስ ቁጭ ብለው ነጭ ክር በጣታቸው እየጠመጠሙ ሲሠሩ አይተን አድገናል።

የሚያስገርመው ግን የሥራው አቅጣጫ ነው። ዳንቴሉ ለጠረጴዛው፥ ለወንበሩ መደገፊያ፥ ለቡፌው፥ ከዚያም አልፎ ለሬዲዮውና ለቴሌቪዥኑ ይሠራ ነበር። ስለዚህ በብዙ ቤት ሬዲዮው በዳንቴል ተሸፍኖ ሲቀመጥ የቤቱ ልጅ በክረምት ጠዋት ጆሮውን በእጁ እያሻሸ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ይህን ስንል እናቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቤትን ማሳመር የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ያው እጅ፥ በዚያው ሙያ፥ ወፈር ያለ ክር ቢይዝ ኮፍያና ጓንት ሊያወጣ እንደሚችል ለማስታወስ ያህል ነው።

ኪሮሽና የሹራብ ሥራ አንድ የሚመስሏቸው አሉ፤ ልዩነታቸው ግን ግልጥ ነው። ሹራብ የሚሠራው በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ሲሆን የአንድ ረድፍ ቀለበቶች ሁሉ በመርፌው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። መርፌው ካመለጠ ብዙ ቀለበት ሊተረተር ይችላል። ኪሮሽ ግን አንድ መንጠቆ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመንጠቆው ላይ የምትቀረው ቀለበት አንዲት ናት። በአውቶቡስ እየሄዱ ቢሠሩትና መንገዱ ቢያንገጫግጭ የሚጠፋው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የሹራብ ሥራ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ክርም ይቈጥባል። ኪሮሽ ጠንከርና ወፈር ይላል፤ ክርም የበለጠ ይበላል። ለጓንት ሹራብ፥ ለኮፍያ ኪሮሽ ለጀማሪ ይመቻሉ።

ከግብፅ እስከ መንዝ

የሹራብ ሥራ እጅግ ካረጁ ናሙናዎቹ ብዙዎቹ የተገኙት ከግብፅ ነው። ደረቁ የግብፅ አሸዋ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በጥጥ ክር የተሠሩ፥ ጌጣቸው ያልደበዘዘ ካልሲዎችን ጠብቆ አቆይቷል። «ሹራብ» የሚለው ቃላችንም በግብፅና በሱዳን ዐረብኛ ለካልሲ ከሚነገረው ቃል ጋር ይመሳሰላል። ሙያው ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1527 በፓሪስ የሹራብ ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1589 ደግሞ ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ መኪና ፈለሰፈ። ኪሮሽ በዛሬው መልኩ በሰፊው የታወቀው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። እስከ ዛሬም እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ከእጅ ነጥቆ የወሰደ መኪና የለም።

ኪሮሽ የችግር ቀን ጓደኛ መሆኑን ካሳዩት አገሮች አንዷ አየርላንድ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በሽታ ድንቹን አጥፍቶ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፥ ክሎንስ በምትባለው ከተማ የአንድ ቄስ ባለቤት የነበሩት ካሳንድራ ሃንድ በ1847 የኪሮሽ ዳንቴል ሥራ ለችግረኞች እንዲማር አደረጉ። ሥራው ተሽጦ ለብዙ ቤተ ሰብ የዕለት ጉርስ ሆነ። በኖርዌይ ደግሞ ሴልቡ በተባለች የገጠር አገር እ.ኤ.አ. በ1857 ማሪት ጉልድሴት የተባለች የ16 ዓመት ልጃገረድ በጥቁርና በነጭ ክር ባለ ኮከብ ጌጥ ጓንት ሠርታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ያዩት ሁሉ ወደዱት፤ ጎረቤቶቿም ተማሩት፤ የሴልቡ ጓንት ቀስ በቀስ የአገሩ መታወቂያና የመንደሩ ገቢ ሆነ። ይህ ሁሉ የተጀመረው በአንዲት ልጅ እጅ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ክርን በተመለከተ ኢትዮጵያውያን የማንም ተማሪዎች አይደለንም። እናቶች በእንዝርት ፈትለው፥ ሸማኔዎች በጥበባቸው ሠርተው ጋቢና ኩታ ሲያለብሱን ኖረዋል። በመንዝ ደጋ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ዝተትና ባና ይሠራል፤ ያን ውርጭ ያለ በግ ጠጉር መቋቋም አይቻልም ነበር። በደብረ ብርሃንም በ1957 ዓ.ም. የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተመረቀ። በጌዴኦ ደግሞ ከእንሰቱ ላይ ቃጫ ተፍቆ ይወጣል፤ ቃጫውም ገመድ ይሆናል። ይህ እንሰትን፥ ቡናንና ዛፍን በአንድ ማሳ ደራርቦ የያዘ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቃጫ ጆሮ ላይ ይሻክራልና ኮፍያ አይሆንም። ነገር ግን ቃጫ መፋቅና ገመድ መግመድ የለመደ እጅ ኪሮሽ ለመያዝ አይቸገርም።

«ሴት ሆንህ እንዴ?»

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ በዝምታ ብናልፈው ግብዝነት ይሆንብናል። ወንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ኪሮሽ ይዞ ቢገኝ ጓደኞቹ «ሴት ሆንህ እንዴ?» ብለው እንደሚስቁበት የታወቀ ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊም ከቢሮ በኋላ ሹራብ ሲሠራ ቢታይ የክፍሉ ባልደረቦች ሳምንት ሙሉ የሚያወሩት አያጡም።

ሳቁ ግን ከታሪክ ጋር አይስማማም። ከላይ የጠቀስነው የፓሪስ ማኅበር የወንዶች ማኅበር ነበር። በአገራችንም ሽመና በአብዛኛው የወንድ ሙያ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔ ጥበብ ሲሠራ «ሴት ሆነ» ያለው የለም። መርከበኞችና እረኞች በየአገሩ ሹራባቸውን ራሳቸው ሲሠሩ ኖረዋል። ደግሞም ብርድ ሲመጣ የወንድ ጆሮና የሴት ጆሮ እያለ አይመርጥም። የሚስቀው ጓደኛ ቡሌ ላይ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ «ለእኔም አንድ ሥራልኝ» ብሎ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ኮፍያውን ከመስጠት ይልቅ ኪሮሹን ሰጥቶ ማስተማር ይሻላል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ኮፍያ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም። ሙቀቱን የሚፈጥረው ሰውነታችን ነው፤ የክሩ ተግባር ያን ሙቀት እንዳይሸሽ መያዝ ነው። በክሩ ጭረቶችና በቀለበቶቹ መካከል አየር ይታሰራል፤ የታሰረ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ዳንቴል መሰል ኮፍያ ለዐይን ቢያምርም ነፋስ ያስገባል። በጣም ተጠብቆ የተሠራውም አየር የሚይዝበት ቦታ የለውም። መካከለኛው ይመረጣል።

የክሩም ዓይነት ልዩነት አለው። የበግ ጠጉር ከክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦ እንኳ እርጥብ አይመስልም፤ ለጭጋግና ለካፊያ አገር ከዚህ የተሻለ የለም። ጥጥ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ከረጠበ ሙቀቱን ያጣል። በገበያ በብዛት የሚገኘው ሰው ሠራሽ ክር፥ አክሪሊክ የሚባለው፥ ለመታጠብ ቀላልና ዋጋውም ቀለል ያለ ነው። ነገር ግን እሳት ሲነካው ይቀልጣልና ከምድጃ አጠገብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አንድ የተለመደ ስሕተት ደግሞ እናርም። «የሰው ሙቀት የሚበዛው በራሱ በኩል ነው የሚወጣው» ሲባል እንሰማለን። ለአዋቂ ሰው ይህ እውነት አይደለም። የአዋቂ ራስ ከጠቅላላው ገላ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው፤ የሚያጣውም ሙቀት ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ራስ ብዙ ሙቀት የሚያጣ የሚመስለን ሌላው ገላችን ተሸፍኖ ሳለ እርሱ ብቻ ባዶውን ስለሚቀር ነው። ለአንድ ዓይነት ሰው ግን አባባሉ ወደ እውነት ይቀርባል፤ ያም ሰው ገና የተወለደ ሕፃን ነው።

የመጀመሪያው ኮፍያ ለማን ይሁን?

ጨቅላ ሕፃን ሲወለድ ራሱ ከገላው ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ይይዛል። የሚወለደው እርጥብ ሆኖ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ ሊሞቅ አይችልም። ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ሆኖ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ደግሞ ከቆዳው በታች ያለው ስብ ትንሽ ስለ ሆነ በቶሎ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ሕፃን ለመጥባት ይደክማል፤ ካልጠባ ደግሞ ይብስ ይቀዘቅዛል። ብዙ ጨቅላዎች የሚጠፉት በዚህ አዙሪት ነው።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ እንደ ተወለደ እንዲደርቅ፥ ከእናቱ ገላ ጋር ገላ ለገላ እንዲያያዝ፥ ራሱ በኮፍያ እንዲሸፈን፥ ገላውንም መታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲዘገይ ይመክራል። ክብደታቸው ላነሰ ሕፃናት የሚሆነው ገላ ለገላ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመሩት ነው፤ ማሞቂያ መሣሪያ ስላነሳቸው እናትን ራሷን ማሞቂያ አደረጉ። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ በእናታቸው ገላ እንዲሞቁ ከተደረጉት ክብደተ ቀላል ሕፃናት መካከል የተረፉት ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል። በዚህ አያያዝ ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ሲታቀፍ የሚለብሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱ አንዱ ኮፍያ ነው።

እናቶቻችን ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው ራሱን መሸፈናቸው ከዚሁ ጋር የሚስማማ ጥበብ ነው። ነጠላ ግን ይንሸራተታል፤ ልክ የሆነ ኮፍያ አይንሸራተትም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ ክረምቱን በትምህርት ቤቶችና ባልተጠናቀቁ ሕንፃዎች ውስጥ አሳልፏል። በዚያ ዝናብና በዚያ ብርድ ውስጥም ሕፃናት ተወልደዋል። የዚያን ዓይነቱን ክረምት ያየ ሰው የአንዲት ትንሽ ኮፍያን ነገር እንደ ቀልድ አይመለከተውም። ስለዚህ ሙያውን የሚጀምር ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን ለራሱ ሳይሆን ለአራስ ቢያደርገው መልካም ነው፤ ትንሽ ስለ ሆነም በቶሎ ያልቅለታል።

የኮፍያው አሠራር

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል፤ እዚህ ግን መማሩም መጠምጠሙም አንድ ላይ ነው። በኪሮሽ የሚሠራውን እያንዳንዱን የክር ቋጠሮ «ዐይን» ብለን እንጥራው።

የጨቅላ ራስ ዙሪያ ብዙውን ጊዜ ከ33 እስከ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ክሩ ስለሚለጠጥ ኮፍያው 33 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ቢኖረው ይበቃል። በጂኦሜትሪ ክፍል የተማርነው እዚህ ሥራ ላይ ይውላል፤ 33ን ለ3.14 ብናካፍል 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህም የአናቱ ክብ ከዳር እስከ ዳር የሚኖረው ስፋት ነው።

በመጀመሪያ ክሩን በጣት ላይ ጠምጥሞ ቀለበት መሥራትና በቀለበቱ ውስጥ 6 ዐይን ማውጣት ነው። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ዐይን ላይ ሁለት ሁለት ይሠራል፤ 12 ይሆናል። በሦስተኛው ዙር በአንዱ ላይ አንድ፥ በሚቀጥለው ላይ ሁለት እየተባለ ይዞራል፤ 18 ይሆናል። በአራተኛው 24፥ በአምስተኛው 30 እያለ በየዙሩ 6 ይጨመራል። ክቡ በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጎድጓዳ ከሆነ የተረሳ ጭማሪ አለ፤ ዳሩ ከተሸበሸበ ጭማሪው በዝቷል። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው አንድ ነው፤ መተርተርና እንደገና መሥራት። የኪሮሽ ስሕተት ከመዝገብ ስሕተት የሚሻለው በዚህ ነው፤ ሲፋቅ ምልክት አይቀርበትም።

የክቡ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲደርስ ጭማሪው ይቆማል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ዐይን ላይ አንድ አንድ እየሠሩ መዞር ነው፤ ሥራው ራሱ ወደ ታች ይታጠፋል። ከአናቱ መካከል እስከ ጠርዙ 13 ወይም 14 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክሩ ይቈረጥና ጫፉ በመርፌ ወደ ውስጥ ይሰወራል። በዚህ ኮፍያ ላይ ቁልፍ፥ ማሰሪያ ገመድም ሆነ የክር ኳስ አይደረግም፤ ሕፃን ሊውጠው ወይም አንገቱን ሊያንቀው ይችላል። ከመሰጠቱም በፊት ይታጠባል። በዲላ ቀትር ሙቀት ሕፃኑ አንገቱን ካላበው ደግሞ ኮፍያው ይውለቅ፤ ከልክ ያለፈ ሙቀትም ይጎዳዋል።

ለአዋቂ የሚሠራውም በዚሁ ሥርዐት ነው። ኮፍያው 52 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ እንዲኖረው ከተፈለገ የአናቱ ክብ 16 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስኪሆን በየዙሩ 6 እየጨመሩ መሄድ ብቻ ነው።

ለጸሐፊው እጅ

ሁለተኛው ሥራ ጣት የሌለው ጓንት ነው። ይህ መዳፍንና አንጓን ሸፍኖ ጣቶቹን ለብዕር፥ ለኮምፒዩተርና ለስልክ ነጻ የሚተው ስለ ሆነ ለቢሮ ሠራተኛና ማታ ለሚያጠና ተማሪ ይስማማል። የሚሠራው በሁለት መርፌ ነው፤ አሠራሩም ከአራት ማዕዘን ጨርቅ አይበልጥም። ወፍራምም ቀጭንም ባልሆነ ክር 36 ቀለበት በመርፌው ላይ ይጀመራል፤ ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እጅ ይለያያልና አስቀድሞ 10 ቀለበት ብቻ ሠርቶ በማስመሪያ መለካት የኋላ ኋላ ድካምን ያድናል። ርዝመቱ 18 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ ረድፉን ሁሉ በአንድ ዓይነት አሠራር መመላለስ ነው። ሲያልቅ ጨርቁ ለሁለት ታጥፎ ጎኑ ይሰፋል፤ ከላይ 4 ሳንቲ ሜትር ከተሰፋ በኋላ ለአውራ ጣት 4 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተውለትና የቀረው ይሰፋል።

ክሩ ከየት፥ ትርፉስ ስንት?

አንድ 100 ግራም ልቃቂት ሁለት፥ አንዳንዴም ሦስት የጨቅላ ኮፍያ ያወጣል። ለአዋቂ ኮፍያ ደግሞ አንድ ልቃቂት ይበቃል። አዲስ ክር መግዛት ለከበደው ሌላ መንገድ አለ። ከልባሽ ጨርቅ ገበያ አሮጌ ሹራብ መርጦ መተርተር ይቻላል። ሲመረጥ የጎኑን ስፌት ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ጠርዙ በመኪና ተቈርጦ የተዘመዘመ ከሆነ ክሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣልና አይጠቅምም፤ ጠርዙ ያልተቈረጠ ከሆነ ክሩ ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ይመጣል። የተተረተረው ክር ተጠቅልሎ ይታጠባል፤ ከታች ቀለል ያለ ክብደት አንጠልጥሎ ሲያደርቁት ጥምዝምዙ ይቃናል።

ሥራውን ለመሸጥ የሚያስብም ይኖራል፤ ለተማሪ ኪስ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አስቀድሞ በሰዓት ማስላት ይገባል። የሽያጩ ዋጋ ላይ የክሩ ዋጋ ተቀንሶ የቀረው፥ ሥራው በወሰደው ሰዓት ሲካፈል የእጁ እውነተኛ ደመወዝ ይታወቃል። መኪና ከሚያወጣው ተራ ኮፍያ ጋር በዋጋ መወዳደር ኪሳራ ነው። በገበያ የማይገኘውን፥ ማለት በልክ የታዘዘውን፥ ለአራስ ጥየቃ የሚወሰደውን፥ ለጠያቂው የሚያኮራውን መሥራት ግን ዋጋውን ያወጣል። ብቻውን ከመድከም ይልቅ በአንድ መኝታ ክፍል ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት አራት አምስት ሆኖ ክሩን በጋራ መግዛትም ይረዳል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ተብሏል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ሥራው ለገንዘብ ብቻ እንዳይመስል እንጨምር። የወጣት ሠራተኛ ደመወዝ ለስጦታ አይተርፍም፤ የተማሪማ ከዚያም ያንሳል። ለሁለቱም ግን ምሽት አላቸው። ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ያለው ሰው ሊሰጥ የሚችለው ጊዜውን ነው፤ ኮፍያም የተቋጠረ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወደ ቡሌ የሚላክ ወጣት በሚቀጥለው ጉዞው ላይ ሁለት ነገር በቦርሳው ቢይዝ ይበቃዋል። አንደኛው ለእጁ የሠራው ጓንት ነው። ሁለተኛው፥ 33 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያላት ትንሽ ኮፍያ ናት፤ ለማን እንደምትሆን አስቀድሞ ባያውቅም በደጋው ጤና ጣቢያ አዋላጇን ቢጠይቃት ባለቤቱን ታሳየዋለች።